የጤና ክበብ፦ «ከስንት ላይ ነው 72ቱ?»

ዘንድሮ ክበባችን አንድ ሥራ ያዘ፤ በእናቶችና ሕፃናት ጤና ላይ የተሠሩ ጥናቶችን ማንም ሰው በሚገባው አማርኛ ጽፎ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ። መጀመሪያ ከተመዘገቡት ግማሹ ቶሎ ጠፉ፤ በየዓመቱ ያለ ነገር ነው። የቀሩት ግን ሠሩ።

ብዙ ጊዜ የወሰደብን በ1991 እ.ኤ.አ. የታተመው የፎሊክ አሲድ (የቫይታሚን ቢ ዓይነት ነው) ጥናት ነው። የብሪታንያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት በ7 አገሮች ያካሄደው ነው። የተሳተፉት ባለፈ እርግዝናቸው የፅንሱ ሕብለ ሰረሰር ወይም አንጎል የአፈጣጠር ችግር የገጠመው ሴቶች ናቸው። ተማሪዎቹ «ፎሊክ አሲድ አደጋውን በ72 በመቶ ይቀንሳል!» ብለው ርዕስ አወጡ። ቁጥሩ ልክ ነው። አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ግን «ከስንት ላይ ነው 72ቱ?» አለች። ለኔ የዓመቱ ምርጥ ጥያቄ ይሄ ነው።

ሠንጠረዡን ገልጠን አየን። ፎሊክ አሲድ ከወሰዱት መካከል ከ1000 እርግዝና በ10 ያህሉ ችግሩ ታይቷል፤ ካልወሰዱት ደግሞ በ35 ያህሉ። እንዲህ ሲጻፍ አንባቢው አደጋው መጀመሪያ ስንት እንደነበረም ያያል። 72 በመቶ ይህን አይነግረውም።

ቀጥሎ የመጣው ክርክር «እነማን ላይ ተጠና?» የሚል ነበር። እነዚህ ሴቶች አደጋቸው ከሌላው ከፍ ያለ ነው። 35ቱን ለእናቶች ሁሉ ማድረግ ሰውን በከንቱ ማስደንገጥ ነው። ይህን የሚያስረዳው መስመር ቦታ ጠቦ ሊሰረዝ ሲል፣ ሥዕሉ ይነሳ አልኩ። ተነሳ፤ ሠዓሊያችን ሰነበተ አኩርፎኝ።

ክኒኑ መቼ እንደሚጀመርም ተጨመረ፦ ከማርገዝ በፊት። የፅንሱ የነርቭ ዘንግ፣ ማለትም ኋላ አንጎልና ሕብለ ሰረሰር የሚሆነው ክፍል፣ የሚዘጋው ከተፀነሰ በ28 ቀናት ገደማ ውስጥ ነው። ያኔ ብዙዎች ማርገዛቸውን ገና አላወቁም።

የጡት ማጥባቱ ጽሑፍ ቶሎ አለቀ። «እስከ 6 ወር ጡት ብቻ» የሚለውን ለትምህርት ቤቱ ሠራተኞች ስናነብ፣ አንድ እናት «ከዚያ ይቁም ማለት ነው?» አሉን። ከ6 ወር በኋላ ተጨማሪ ምግብ እንደሚጀመር፣ ጡቱም እስከ 2 ዓመትና ከዚያ በላይ እንደሚቀጥል ጻፍን። ከዚያ ወዲህ የክበቡ አባል ላልሆነ ሰው ሳይነበብ የሚለጠፍ ጽሑፍ የለም።

ለከርሞ የክትባት ጥናቶችን ይዘናል። ሠንጠረዥ ማንበብ የሚወድ ተማሪ ይምጣ። የእጅ ጽሑፋቸው የሚያምር በቂ አሉን።