ለደንበኞቻችን፦ ቦራን ለምን ለሯጩ ሰጠነው?

ኮተቤ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

መጠለያችን ውስጥ የነበረውን ቦራ የተባለ ውሻ ለአንድ የረጅም ጊዜ ደንበኛችን ከልክለን ለአንድ ወጣት ሯጭ መስጠታችን ብዙዎቻችሁን እንዳስቀየመ ሰምተናል። አንዳንዶቻችሁ ደውላችሁ በግልጽ ነገራችሁን። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ምንም ሳትሉ ለገና ያስያዛችሁትን የውሻ ማቆያ ቦታ ሰረዛችሁ። ቅር ስላሰኘናችሁ ይቅርታ እንጠይቃለን። ውሳኔው ግን እንደጸና ነው፤ ምክንያቱ ደግሞ በስልክ በሁለት ቃል ተነግሮ የሚያልቅ ስላልሆነ በጽሑፍ ላስረዳችሁ ወድጃለሁ።

ቦራን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። የራሳችሁን ውሻ ልትወስዱ ስትመጡ ከሽቦው ጀርባ እስከ ትከሻችሁ እየዘለለ የሚቀበላችሁ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ቀይ ውሻ ነው። ያደገበት ሰፈር ሲፈርስ ቤተሰቡ ወደ ኮንዶሚኒየም ተዛወረ፤ አራተኛ ፎቅ ላይ እንዲህ ያለ ውሻ ማኖር ስላልቻሉ እያለቀሱ አስረከቡን። አልፈርድባቸውም። እናቱ የአበሻ ውሻ ናት፤ አባቱ፣ ጆሮውንና ጀርባውን አይቶ ለሚገምት፣ ጀርመን ሼፐርድ ሳይሆን አይቀርም። ዕድሜው ሁለት ዓመት ገደማ ነው፤ ጉልበቱ ሞልቶ ልቡ ገና ያልረጋበት ዕድሜ።

መጠለያ ውስጥ ስታዩት ግን ሙሉ ጠባዩን አላያችሁም። ቀኑን በአጥር ተከልሎ፣ የጎረቤቶቹን ጩኸት እየሰማ የሚውል ውሻ ይሽከረከራል፣ ይዘላል፣ ሽቦ ይነክሳል። እሱኑ ጠዋት አውጥታችሁ በየካ ዳገት አንድ ሰዓት ብታስኬዱት፣ ከዚያም ምግቡን ሣር ውስጥ በትናችሁ በአፍንጫው እየፈለገ እንዲበላ ብታደርጉት፣ ከሰዓት በኋላ እግራችሁ ሥር ተኝቶ ታገኙታላችሁ። ማሽተትና መፈለግ ውሻን ከሩጫ ባልተናነሰ ያደክመዋል። ቦራ ክፉ ውሻ አይደለም፤ ሥራ የፈታ ውሻ ነበር።

የቀረበብን ትልቁ ወቀሳ «ሰፊ ግቢ ያለው ሰው ተከልክሎ በኪራይ ቤት ለሚኖር ልጅ ይሰጣል ወይ?» የሚል ነው። ግቢ ግን ብቻውን ውሻን አያደክምም። አምስት መቶ ካሬ ላይ ለብቻው የተለቀቀ ውሻ ሲሮጥ አይውልም፤ በሩ ሥር ተኝቶ የሚወጣና የሚገባውን ይጠብቃል፣ ሲሰለቸው አበባውን ይቆፍራል፣ የተሰጣ ልብስ ይጎትታል፣ በመጨረሻም አጥር ይዘላል። ያን ጊዜ ሰንሰለት ይመጣል። ደንበኛችንም ሐሳባቸውን አልደበቁንም፤ ለግልጽነታቸው አከብራቸዋለሁ። ቀን በሰንሰለት ታስሮ ውሎ ሌሊት ተፈትቶ እንዲጠብቅ ነበር ያሰቡት። በከተማችን አብዛኛው የጥበቃ ውሻ የሚኖረው እንዲሁ ስለሆነ እሳቸው ነውር ነገር ጠየቁ አልልም።

ነገር ግን ጉልበተኛ ውሻ በሰንሰለት ሲውል ምን እንደሚሆን ሥራዬ ስለሆነ አውቀዋለሁ። የታሰረ ውሻ የሚያስፈራው ነገር ሲመጣ መሸሽ አይችልም፤ የሚቀረው ጥርሱ ብቻ ነው። ኳሱን ሊያነሳ የተጠጋ ሕፃን የሚነከሰው በዚህ መንገድ ነው። ጥበቃውም ቢሆን ይበላሻል፤ ለነፋሱም፣ ለድመቷም፣ ለቆራሌውም እኩል ሲጮኽ የሚውል ውሻ ሌባ በመጣ ሌሊት ቢጮኽ ማን ከአልጋው ይነሣል? በእኛ አካባቢ ደግሞ ጅብ አለ። ከእንጦጦና ከየካ ተራራ ሌሊት የሚወርደው ጅብ አጥር ሰንጥቆ ሲገባ፣ ባለቤቱ ሊፈታው የዘነጋው ውሻ መውጫ የለውም። በተራራው ሥር የምትኖሩ ይህን እኔ ልነግራችሁ አያስፈልግም።

አባቴ ዘበኛ ነበር። ያደግኩት በሰው ግቢ በር ላይ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው፤ ከክፍላችን ጎን ባሕር ዛፍ ላይ የታሰረ ውሻ ነበረ። ሰንሰለቱ በሚደርስበት ልክ መሬቱ ክብ ሆኖ ተራቁቶ ነበር፤ ክረምት እንኳን ሣር አይበቅልበትም። አባቴ ሌሊት ሌሊት ከሥራ ባልደረባው ጋር እንደሚጫወት ሰው ያጫውተው ነበር፤ ፈትቶ የማዘዋወር ፈቃድ ግን አልነበረውም። ኋላ እኔም በአንድ የጥበቃ ድርጅት ውሻ ያዥ ሆኜ ስቀጠር ብዙ ውሾች በእጄ አለፉ። ፈረንጅ ውሻ፣ ድቅል፣ የአበሻ ውሻ፣ ሁሉንም አየሁ። ጥሩ ዘር ያለው ውሻ የማይሆነው ሰው ዘንድ ሄዶ ሲበላሽ፣ ማንም ያልፈለገው የሠፈር ውሻ የሚገባው ሰው ዘንድ ሄዶ ሲያምርበት አየሁ። ይህንን ማቆያ በእናቴ ጓሮ ስከፍት ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ አላውቅም ነበር፤ ውሻ ለማን እንደማልሰጥ ግን አውቅ ነበር።

ስለ ሯጩ ልንገራችሁ። ስሙ ገና በሬዲዮ ያልተጠራ፣ ሱሉልታ የሚኖር ልጅ ነው። ንጋት ላይ በዚያ ብርድ ሜዳው ላይ ይሮጣል። በዚያ አካባቢ የሚለማመዱ ሯጮች ውሻ ሲያዩ ድንጋይ ለማንሳት ጎንበስ እንደሚሉ የታወቀ ነው፤ እሱ ግን አብሮት የሚሮጥ ውሻ ፈልጎ መጣ። በዕለቱ አስይዘን አልላክነውም። የሚኖርበትን ግቢ ሄደን አየን። አከራዩ እናት ፈቃዳቸውን በጽሑፍ ሰጡን፤ ቤት ያከራየ ሰው ሳይስማማ ውሻ አንሰጥም፣ ምክንያቱም በወሩ ተመልሶ እንደሚመጣ እናውቃለን። ልጁ ወደ እኛ እየተመላለሰ ቦራን በገመድ ማስኬድ ተማረ። ውሻ በማለክለክ እንጂ እንደ እኛ በላብ ስለማይቀዘቅዝ ፀሐይ ከበረታ በኋላ እንዳያሮጠው፣ ርቀቱን ቀስ እያለ እንዲጨምር፣ የበግ መንጋ ባለበት ሜዳ ላይ በፍጹም እንዳይለቀው ተስማማን። ከልምምድ በኋላ ሯጭ ይበላል፣ ይተኛል። ቦራም ከእሱ ጋር ይበላል፣ ይተኛል።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀላል አልነበሩም። ቦራ ምግብ እምቢ አለ፣ ሌሊት አለቀሰ። በመጠለያ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች «3 ቀን፣ 3 ሳምንት፣ 3 ወር» እንላለን፤ ድንጋጤው እስኪለቀው 3 ቀን፣ የቤቱን ሥርዓት እስኪይዝ 3 ሳምንት፣ ቤቴ ነው እስኪል 3 ወር ማለት ነው። ልጁ በየማታው እየደወለ ጠየቀን እንጂ መልሱት አላለም። ለውድድር ራቅ ወዳለ ቦታ ሲሄድ ውሻውን ወደ እኛ ያመጣል፤ እንደ ማንኛችሁም ይከፍላል።

ሌላው ቅሬታችሁ የማቆያ ክፍያው መጨመሩ ነው። «በእኛ ገንዘብ የጎዳና ውሻ ይቀለባል» ያላችሁ አላችሁ። ከምትከፍሉት ላይ ጥቂቱ ወደ መጠለያው እንደሚሄድ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በሩ ላይ ተጽፏል፤ አልደበቅኩም። ጭማሪው የመጣው ግን ከዚያ አይደለም። ክትባቱ፣ ማደንዘዣው፣ የመዥገርና የቁንጫ መድኃኒቱ፣ አብዛኛው ከውጭ የሚገባ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ዛሬ ከእጥፍ በላይ ነው። ድሮ ልኳንዳ ቤቶች «ውሰዱልን» የሚሉን አጥንት አሁን በገንዘብ ነው፤ ሳንባም ለብቻው ዋጋ ወጥቶለታል። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት የአካባቢያችን ልኳንዳዎች ሲዘጉ የሙስሊም ልኳንዳ ፍለጋ ከተማውን እናቋርጣለን። ይህ ሁሉ ሲሆን አንድም ሠራተኛ አልቀነስኩም። የእናንተን ውሾች በስማቸው የሚጠሩ፣ ማን መብረቅ እንደሚፈራ፣ ማን ብቻውን ካልሆነ እንደማይበላ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው፤ ለርካሽ ዋጋ ብዬ ልለውጣቸው አልቻልኩም።

ስለ ጎዳና ውሾች ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። የእናንተ ውሻና የጎዳናው ውሻ የሚሄዱት በአንድ መንገድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የእብድ ውሻ በሽታ ወደ ሰው ከሚተላለፍባቸው አጋጣሚዎች እስከ 99 በመቶ የሚሆነው በውሻ ነው፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች ቢያንስ 70 በመቶው ከተከተቡ ደግሞ በሽታው ከውሻ ወደ ውሻ የሚሻገርበት መንገድ ይዘጋል። ስለዚህ ከእኛ የሚወጣ ውሻ ሁሉ ተከትቦና መክኖ ነው የሚወጣው፤ ከሚወስደው ሰውም የወጪውን ግማሽ እንቀበላለን። «የመንገድ ውሻ በገንዘብ?» ብላችሁ የተገረማችሁ አላችሁ። ውሻው አልተሸጠላችሁም፤ ለልጆቻችሁ ደኅንነት የወጣውን ግማሹን እኛ ከፈልን፣ ግማሹን እናንተ።

ከሁሉ የከበደኝ ግን የገንዘቡ ነገር አይደለም። ቦራን የጠየቁን ደንበኛችን ይህ መጠለያ ሲሠራ የጣሪያውን ቆርቆሮ የገዙልን ሰው ናቸው። ዝናብ በዘነበ ቁጥር አስታውሳቸዋለሁ። አንድ ሌላ ደንበኛ «ውሻ እንኳን በበላበት ይጮኻል» የሚል መልእክት ልኮልኝ ደጋግሜ አነበብኩት። ቃሉ አሞኛል። ግን እኔም በበላሁበት መጮኼ ነው። እሳቸው ቤት የልጅ ልጆች አሉ፤ ባለቤቶቹ ቀኑን ሥራ ላይ ናቸው፤ ቦራን የሚያንቀሳቅስ ሰው የለም። አንገቴን ደፍቼ ብሰጣቸው ዛሬ ያመሰግኑኝ ነበር፤ አንድ ቀን ከልጆቹ አንዱ ቢነከስ ግን ምን ብዬ ፊታቸው እቆማለሁ? ለማላውቀው ሰው እንዲህ አልጨነቅም ብል ውሸት ነው፣ ለእሳቸው ግን የባሰ ተጨንቄያለሁ።

ባዶ እጃቸውን ይመለሱም አላልንም። ዳማ የምንላት የሰባት ዓመት እንስት አለችን። ቀን ጥላ ሥር ትተኛለች፤ ሌሊት የማታውቀው ኮቴ ስትሰማ ብቻ ትጮኻለች፣ ስትጮኽም ሁላችንም እንነሣለን። ሕፃን ጆሮዋን ቢጎትት ተነሥታ ቦታ ትቀይራለች። ለዚያ ግቢ የምትሆነው እሷ ናት። ሌሎቻችሁም ውሻ ስትፈልጉ መጀመሪያ ቀኑን እንዴት እንደምታሳልፉ እንጠይቃችኋለን፤ ቤታችሁንም መጥተን እናያለን። ሁለት ሳምንት አብሯችሁ ቆይቶ ካልተስማማችሁ ያለ አንዳች ጥያቄ እንቀበለዋለን። ቀኑን ሙሉ ለማሰር ለሚፈልግ ግን፣ ወዳጅም ቢሆን፣ አንሰጥም።

ለገና የሰረዛችሁትን ቦታ እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ለሌላ ሰው አንሰጠውም፤ ክፍያውም ቀድሞ በተነጋገርነው ዋጋ ይሆናል። ቅዳሜና እሑድ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት በራችን ክፍት ስለሆነ መጥታችሁ ፊት ለፊት ብትወቅሱኝ እመርጣለሁ፤ ቡናም አይጠፋም። ለባለ ቆርቆሮው ደንበኛችን ደግሞ፦ ጋሼ፣ ዳማን ሁለት ቤተሰብ ጠይቋት «ቆዩ» ብያቸዋለሁ። እርስዎ መጥተው ሳያዩዋት አልሰጣትም። እባክዎ አንድ ጠዋት ከልጅ ልጆችዎ ጋር ብቅ ይበሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
የውሻ ማቆያውና መጠለያው ባለቤት