ይድረስ ለአባቴ፦ ክትባቱ ተገኝቶ ሳለ ስለሚቀረው ሥራ

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ደህና ነኝ። ባለፈው በስልክ ስንነጋገር «የኢቦላ ክትባት ተገኘ ከተባለ ቆየ፤ ታዲያ አንቺ እስካሁን እዚያ ቤተ ሙከራ ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። በችኮላ መመለስ ስላልፈለግሁ ዛሬ ረጋ ብዬ እጽፍልዎታለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ከሙያው ውጭ ያሉ ብዙ የተማሩ ሰዎችም ይህንኑ ይጠይቁኛል።

የተገኘው ክትባት የአንድ ቫይረስ ክትባት ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 በዛየር (በዛሬዋ ዴሞክራቲክ ኮንጎ) ያምቡኩ በተባለች መንደርና ዛሬ ደቡብ ሱዳን በሆነው ምድር በንዛራ ከተማ ሁለት ወረርሽኞች በተቀራራቢ ጊዜ ሲነሡ አንድ በሽታ መስለው ነበር፤ በኋላ ግን የሁለት የተለያዩ ዝርያዎች ሥራ መሆናቸው ታወቀ። በሥራ ላይ የዋለው ክትባት የሚከላከለው የዛየሩን ዝርያ ብቻ ነው። የሱዳኑ ዝርያ፣ የኢቦላ የቅርብ ዘመድ የሆነው ማርበርግ፣ እንዲሁም በምዕራብ አፍሪካ ከአይጦች ወደ ሰው የሚተላለፈው ላሳ ፈቃድ ያገኘ ክትባት የላቸውም።

ክትባቱ እንዴት እንደተሠራ ባስረዳዎት የእኔም ሥራ ግልጽ ይሆንልዎታል። ከብትንና ፈረስን የሚያጠቃ፣ ሰውን ግን እምብዛም የማይጎዳ አንድ ቫይረስ አለ። ተመራማሪዎች የዚህን ቫይረስ የላይኛውን ፕሮቲን የሚያዘጋጀውን ዘረ መል አውጥተው በምትኩ የኢቦላን አስገቡበት፤ ነገሩ የአንዱን ልብስ አውልቆ የሌላውን እንደ ማልበስ ነው። የሰውነታችን መከላከያ ልብሱን አይቶ ኢቦላን ይለያል፤ ውስጡ ግን ኢቦላ ስላልሆነ በሽታውን አያመጣም። በካናዳ ዊኒፔግ በሚገኘው ብሔራዊ የማይክሮባዮሎጂ ቤተ ሙከራ የተሠራው ይህ ክትባት እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመ ጥናት ጦጣዎችን በአንድ መርፌ ብቻ ከሞት አዳነ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስብ ዛሬም ይቆጨኛል። ክትባቱ ለዓመታት በማቀዝቀዣ ውስጥ ተቀመጠ፤ በሽታው አልፎ አልፎ በድሃ መንደሮች ብቻ ስለሚነሣ ገንዘብ አውጥቶ በሰው ላይ የሚፈትነው አልተገኘም። እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2016 በጊኒ፣ በላይቤሪያና በሲየራ ሊዮን የተነሣው ወረርሽኝ ከ28,000 በላይ ሰዎችን ይዞ ከ11,000 በላይ ገደለ። ክትባቱ በጊኒ በሰፊው የተፈተነው በ2015 ሲሆን፣ ከእያንዳንዱ ታማሚ ጋር ንክኪ የነበራቸውን ሰዎችና ከእነዚህ ሰዎች ጋር ንክኪ የነበራቸውን በመከተብ ነበር። ክትባቱን ከወሰዱት 5,837 ሰዎች መካከል ከተከተበ ከ10 ቀን በኋላ በኢቦላ የታመመ አንድም ሰው አልተገኘም። ይህን ያህል የሚሠራ መድኃኒት ወረርሽኙ ሲጀምር ተፈትኖ ዝግጁ ቢሆን ኖሮ ስንት ሰው ይተርፍ እንደነበር ማሰብ ያማል።

እኔ የምሠራው በቀሩት ላይ ነው፤ በተለይም በሱዳኑ ዝርያ ላይ። የየቀን ሥራዬ ይህን ይመስላል። በትናንሽ ሳህኖች ሥር እንደ ስስ ምንጣፍ የተዘረጉ ሕያዋን ሕዋሳት አሉ፤ ከተከተበ እንስሳ የተወሰደውን ደም ውሃ (የደሙን ጥሩ ፈሳሽ ክፍል) ከቫይረሱ ጋር ቀላቅዬ በላያቸው አፈስሳለሁ። ከቀናት በኋላ ሐምራዊ ቀለም ስቀባቸው ሕዋሳቱ የሞቱበት ቦታ ነጭ ቀዳዳ ሆኖ ይታያል፤ በደም ውሃው ውስጥ ያሉት ፀረ እንግዳ አካላት፣ ማለትም ሰውነት በሽታን ለመከላከል የሚሠራቸው ፕሮቲኖች፣ ቫይረሱን ከያዙት ግን ሳህኑ ሙሉ ሐምራዊ ሆኖ ይቀራል። በዛየሩ ክትባት ከተከተበ እንስሳ የተገኘውን ደም ውሃ ከሱዳኑ ቫይረስ ጋር ባቀላቅል ቀዳዳዎቹ እምብዛም አይቀንሱም። አባቴ፣ ለጥያቄዎ ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

የዝግጅትን ዋጋ ደግሞ ኡጋንዳ አሳይታናለች። በ2022 የሱዳኑ ዝርያ በተነሣ ጊዜ ለሙከራ የተዘጋጁት ክትባቶች አገር ውስጥ የገቡት የመጨረሻው ታማሚ ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ስለነበር ሊፈተኑ አልቻሉም። በ2025 ግን ክትባቱም፣ ፈቃዱም፣ የሙከራው ዕቅድም አስቀድሞ ስለተዘጋጀ ወረርሽኙ በታወጀ በ4 ቀን ውስጥ መከተብ ተጀመረ። በሩዋንዳም በ2024 ማርበርግ ሲነሣ ገና ፈቃድ ያላገኘ የሙከራ ክትባት ከ10 ቀን ባነሰ ጊዜ ደርሶ ለጤና ባለሙያዎች ተሰጥቷል። ከታመሙት አብዛኞቹ የጤና ባለሙያዎች ስለነበሩ ቅድሚያው ለእነርሱ መሆኑ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ።

ለቀሩት ቫይረሶችም የሚሠራ ክትባት ሊገኝ እንደሚችል አልጠራጠርም። ማክስ ታይለር የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የሠራው የቢጫ ወባ ክትባት ዛሬም እያገለገለ ነው፤ አርጀንቲናም በእርሻ ሠራተኞቿ ላይ ይበረታ ለነበረው ደም የሚያፈስ ትኩሳት ክትባት በአገሯ እያመረተች ትከትባለች።

ስለ ደኅንነቴ የጠየቁኝን አልረሳሁም። ወደ ክፍሉ ከመግባታችን በፊት መላ አካልን የሚሸፍነውን ልብስ በአየር ነፍተን ቀዳዳ እንደሌለው እናረጋግጣለን፤ ጓንት በጓንት ላይ እንለብሳለን፤ ውስጥ ሳለን ከጣሪያ በሚወርድ ቱቦ የሚመጣ ንጹሕ አየር እንተነፍሳለን፤ ስንወጣ ልብሱን እንደለበስን በፀረ ተዋሲያን ፈሳሽ እንታጠባለን። ብቻውን የሚገባ የለም። የዛየሩን ክትባት እኔም ወስጃለሁ፤ ክንዴን አመመኝ፤ ትኩሳትም ያዘኝና በማግሥቱ ለቀቀኝ። ለሱዳኑ ዝርያ ግን እስካሁን የሚጠብቀኝ ልብሱና ጥንቃቄው ብቻ ነው፤ ይህን ከእርስዎ ልደብቅ አልወድም።

ሥራውን መቼ እንደምተው ጠይቀውኛል፤ አሁን ለመተው አላሰብሁም። ቀጥሎ የያዝነው ጥናት በአንድ መርፌ የተገኙት ፀረ እንግዳ አካላት ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆዩ የሚመረምር ነው፤ ወረርሽኝ ሳይነሣ የሚከተቡ ነርሶችና ሐኪሞች ድጋሚ መከተብ ያለባቸው መቼ እንደሆነ የሚወሰነው በዚህ ነው። ውጤቱ እንደታወቀ ለእርስዎ እጽፋለሁ፤ እስከዚያው ያልገባዎት ነገር ካለ ይጠይቁኝ።

አክባሪ ልጅዎ