የሕክምና ካርዱ ቅጂ ለታካሚው ይሰጥ

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

እናቴ ባለፈው ክረምት አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል ለክትትል በሄዱበት ዕለት፣ ካርዳቸው ከካርድ ክፍል በመጥፋቱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ከጠበቁ በኋላ፣ የደም ግፊታቸውንና የስኳር ሕመማቸውን ታሪክ ለማያውቃቸው ሐኪም እንደ አዲስ ለመናገር ተገደዱ። እኔ በምኖርበት አሜሪካ፣ መድን ለሌለው ሰው ሐኪም ማግኘት ከባድ ቢሆንም፣ እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ በሥራ ላይ በዋለው ደንብ ምክንያት የሐኪሜን ማስታወሻና የላቦራቶሪ ውጤቴን ያለ ክፍያ በስልኬ አነባለሁ። ለእናቴ ግን የሚወስዱት መድኃኒትና የመጨረሻው ውጤታቸው የተጻፈበት አንድ ገጽ በእጃቸው ቢኖር በቂ ነበርና፣ ጤና ሚኒስቴር ይህ ቅጂ በየቀጠሮው ለታካሚው እንዲሰጥ በመመሪያ እንዲያስገድድ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አክባሪዎ፣
ከሜሪላንድ