የሥራ አስኪያጅ መኪና ሲገዛ የሞዴሉም ዕድሜ ይቆጠር

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ለሥራ ኃላፊዎች መኪና ለመግዛት በጋዜጣ የሚወጡ የጨረታ ማስታወቂያዎች የሞተሩን ጉልበት፣ የመቀመጫውን ቆዳና የምርት ዘመኑን ይዘረዝራሉ። ሞዴሉ ገበያ ላይ ከዋለ ስንት ዓመቱ እንደሆነ ግን አይጠይቁም። በዚህ ክፍተት የተነሳ ሞዴሉ በአዲስ ሊቀየር ጥቂት ወራት የቀሩት መኪና በሙሉ ዋጋ ይገዛል። ይህ መስተካከል አለበት፤ ለማስተካከልም ከባድ አይደለም።

የእነዚህ መኪኖች መቀየሪያ ጊዜ ድንገተኛ ነገር አይደለም። የቢኤምደብሊው 5 ሲሪስ እ.ኤ.አ. በ2003፣ በ2010፣ በ2017 እና በ2023 ተቀይሯል። መርሴዲስ ኢ ክላስ በ2002፣ በ2009፣ በ2016 እና በ2023፤ አውዲ ኤ6 ደግሞ በ2004፣ በ2011 እና በ2018። በየስድስት ወይም በየሰባት ዓመቱ ማለት ነው። በመካከሉ፣ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓመት ላይ፣ መብራቱና ፓራውልቱ፣ አንዳንዴም ሞተሩ የሚታደስበት ፌስሊፍት ይመጣል።

ከሁሉ በፊት መወሰን ያለበት መኪናው ስንት ዓመት አገልግሎ እንደሚሸጥ ነው። ለስሌት ያህል የአዲሱን ሞዴል ዋጋ 100 እንበል። ሊቀየር የተቃረበው፣ ተሰናባቹ ሞዴል በ15 ከመቶ ቅናሽ በ85 ተገዛ። በሦስተኛው ዓመት አዲሱ በ55፣ ተሰናባቹ በ40 ቢሸጡ ሁለቱም ያጡት 45 ነው፤ ቅናሹ ያተረፈው ነገር የለም። ስምንት ዓመት ቆይተው አዲሱ በ25፣ ተሰናባቹ በ20 ቢሸጡ ግን የመጀመሪያው 75፣ ሁለተኛው 65 አጥቷል። ስለዚህ ቶሎ ለሚሸጥ ድርጅት ተሰናባች ሞዴል የሚያዋጣው ቅናሹ ጠለቅ ካለ ብቻ ነው። ረጅም ጊዜ ለሚይዝ ግን ጥሩ ግዥ ነው፤ ችግሮቹ ታውቀዋል፣ መለዋወጫውም በገበያው ሞልቷል። ቁጥሮቹን እያንዳንዱ ድርጅት በገበያው ባለው ያገለገለ መኪና ዋጋ ይተካቸው።

አዲስ ቅርጽ በወጣበት ዓመት መግዛት የራሱ ጣጣ አለው። በ2002 የወጣው ኢ ክላስ ፔዳሉን ከፍሬኑ ጋር በኤሌክትሮኒክስ የሚያገናኝ አሠራር ይዞ መጣ። በ2004 እና በ2005 መኪኖቹ በብዛት ለእርማት ተጠሩ፤ በ2006ቱ ፌስሊፍት አሠራሩ ተነስቶ በተለመደው የሃይድሮሊክ ፍሬን ተተካ። ፌስሊፍት ሁሉ አስተማማኝ ነው ማለትም አይደለም። በ2007 የታደሰው 520ዲ፣ የ5 ሲሪሱ የናፍጣ ሞዴል፣ አዲስ ሞተር፣ ኤን47ን፣ ተቀበለ። የዚህ ሞተር ታይሚንግ ሰንሰለት፣ የሞተሩን የውስጥ ክፍሎች እንቅስቃሴ የሚያቀናጀው፣ በካምቢዮው በኩል ስለተቀመጠ፣ ሲላላ ለመቀየር ካምቢዮውን ወይም ሞተሩን ማውረድ ግድ ይላል። ስለዚህ አዲስ የሆነው ምኑ እንደሆነ ለይቶ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ቅርጹ ነው? ሞተሩ ነው? ወይስ ስክሪኑና ሶፍትዌሩ?

ሞዴል ሊቀየር ሲል ምልክቶች ይታያሉ። ሻጩ አንዳንድ ሞተሮችንና ቀለሞችን «አይታዘዝም» ማለት ይጀምራል፤ ተጨማሪ ዕቃ የተሞላበት «ልዩ እትም» ይመጣል፤ የፋብሪካው የመጨረሻ የትእዛዝ ቀን ይቆረጣል። ይህን ቀን በጽሑፍ መጠየቅ የገዢው መብት ነው።

ውሉ ላይ «የ2023 ኢ ክላስ» ብሎ መጻፍ አይበቃም፤ በዚያ ዓመት አሮጌው ደብሊው213ም አዲሱ ደብሊው214ም ይመረቱ ነበርና። የሞዴሉ መለያ ቁጥር፣ የሞተሩ ዓይነትና የምርት ወሩ ይጻፍ። ከርክክቡ በፊት የተሻሻለ ምርት ከወጣ በዚያው ዋጋ የመቀየር ወይም ውሉን የማፍረስ መብትም ይካተት። ብዙ መኪና የሚገዛ ድርጅት ግማሹን በአሮጌው፣ ግማሹን በአዲሱ ቅርጽ አይግዛ፤ የፍሬን ሸራውም፣ የመመርመሪያ ሶፍትዌሩም፣ የመካኒኩ ሥልጠናም ሁለት ሁለት ይሆንበታል።

ኃላፊው ከኋላ የሚቀመጥ ከሆነ መኪናው የሚፈተነውም ከኋላ ነው። የፊት ወንበሩ በሾፌሩ ልክ ይስተካከልና ከኋላው ተቀምጦ ግማሽ ሰዓት ሻካራ መንገድ ላይ መሄድ ነው። ባለ 20 ኢንች ቸርኬ ያምራል፤ ነገር ግን የጎማው ጎን ቀጭን ስለሆነ ጉድጓዱን ሁሉ ወደ ወገብ ያስተላልፋል። የዚያው ሞዴል ባለ 18 ኢንች ይለሰልሳል። ኮፈኑ ተከፍቶ ሞተሩ ከታየ የኋላው ሻንጣ ቤትም ይከፈት፤ ስኮርታ ጎማ የሌላቸው ብዙ ናቸውና።

በርክክብ ቀን ጎማው ጎን ላይ «ዶት» ከሚለው ጽሑፍ ጋር ያሉት አራት አሃዞች ይነበቡ፤ 3522 ካለ ጎማው የተሠራው በ2022 በ35ኛው ሳምንት ነው። ጎማ ከመኪናው ጥቂት ወራት ቢቀድም ችግር የለውም። ከአንድ ዓመት በላይ ከቀደመ ግን መኪናው መጋዘን ከርሞ ሊሆን ይችላል፤ የባትሪው ጉልበት ይለካ፣ የፍሬን ዲስኩ ዝገት ይታይ፣ ጎማው አንድ ቦታ ቆሞ ጠፍጥፎ እንደሆነ በመንዳት ይፈተሽ። ትክክለኛው የምርት ቀን ከአምራቹ በሻንሲ ቁጥር ይጠየቅ፤ መልሱ በጽሑፍ ሳይደርስ የርክክብ ሰነዱ አይፈረም።

ከተሽከርካሪ ግዥና ጥገና ባለሙያዎች