የእጅ ሥራ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ ያረጁ የእንጨት ዕቃዎችን ቀለም መቀባት

በደሴ የሚገኘው የትምህርት ቤታችን የእጅ ሥራ ክበብ ባለፉት ዓመታት በጥልፍ፣ በስፌትና በወረቀት ሥራ ይታወቅ ነበር። በዘንድሮው የትምህርት ዘመን ግን አባላቱ ጥቅምት ላይ ተሰብስበው የዓመቱን ዕቅድ ሲያወጡ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ዝናብ ሲመታቸው የከረሙትን አግዳሚ ወንበሮች አድሶ ቀለም የመቀባት ሐሳብ ከአንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ቀርቦ በአብላጫ ድምፅ ጸደቀ። ሐሳቡ እየሰፋ ሄዶም እያንዳንዱ አባል ወላጆቹን አስፈቅዶ ከቤቱ አንድ ያረጀ የእንጨት ዕቃ መርጦ እንዲያድስ፣ ክበቡም ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ እየተገናኘ በየቤቱ በገጠመው ጉዳይ ላይ እንዲነጋገር ተወሰነ። ከአባላቱ መካከል ከአንዲት ተማሪ በቀር ከዚህ በፊት የቀለም ቡሩሽ የጨበጠ አልነበረም፤ እኔም ብሆን የኬሚስትሪ መምህር እንጂ ቀለም ቀቢ አይደለሁም።

በእርግጥ አንዱ ዕቃ ከክበቡ ውሳኔ ቀድሞ የተቀባ ነበር። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ በአያቷ ክፍል የሚገኘውን ኮሜዲኖ ለእንቁጣጣሽ ሰሞን ከግድግዳ በተረፈ ነጭ ቀለም ቀብታው ኖሮ፣ ጥቅምት ሳያልቅ ቀለሙ ጥፍር በነካው ቁጥር እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሣ ጀመር። ዕቃውን ይዛ ስትመጣ ብዙዎቹ አባላት ጥፋቱን በቀለሙ ላይ ጣሉት። መሳቢያውን አውጥተን ውስጡንና ጀርባውን ስንመረምር ግን ምክንያቱ ሌላ ሆኖ ተገኘ። እንጨቱ ከብዙ ዓመት በፊት የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ የተቀባ ሲሆን፣ በቫርኒሹ ላይ ደግሞ የጧፍ ሰም፣ የእጅ ወዝና የዕጣን ጭስ ተጋግሮበታል። ዕጣን የዛፍ ሙጫ ስለሆነ ጭሱ በአካባቢው ባለ ዕቃ ላይ እያረፈ ስስና የሚያጣብቅ ሽፋን ይተዋል፤ የወሎ ቤት ደግሞ ያለ ቡናና ያለ ዕጣን አይውልም። በውሃ የሚበጠበጥ የግድግዳ ቀለም እንዲህ ባለ ቅባታማና ልሙጥ ገጽ ላይ የሚቆነጥጠው ነገር ስለማያገኝ፣ ቢደርቅም ከዕቃው ጋር አይያያዝም።

ከዚያ በኋላ ማንኛውም አባል የቀለም ጣሳ ከመክፈቱ በፊት በዕቃው ላይ አሁን ያለው ምን እንደሆነ መርምሮ ለክበቡ እንዲያስረዳ ደንብ አወጣን። ምርመራው ቀላል ነው። ጥጥ በአልኮል ነክሮ ከዕቃው ጀርባ፣ ሰው በማያየው በኩል፣ ማሸት ይበቃል። ቀለሙ ለስልሶ ጥጡን ካቀለመው በውሃ የሚበጠበጥ ቀለም ነው፤ ምንም ካልሆነ ሲንቴቲክ ወይም ሌላ የዘይት ቀለም የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው፤ ጥጡ ቡናማ ሆኖ ከተጣበቀ ደግሞ ዕቃው ጎማላካ የተባለውን በአልኮል የሚሟሟ የእንጨት ልባስ የተቀባ ነው ማለት ነው። ስለ መሟሟት በክፍል ውስጥ ለዓመታት ሳስተምር የዚያን ሰሞኑን ያህል በጥሞና የተደመጥሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ኅዳር ላይ በሰኞ ገበያ አካባቢ የሚሠሩ አንድ አንጋፋ አናጢ በክበቡ ተጋብዘው፣ ቁርጥራጭ እንጨቶችን በጠረጴዛ ላይ ደርድረው ተማሪዎቹ በክብደታቸው፣ በሽታቸውና በመስመራቸው እንዲለዩአቸው አደረጉ። በየቤታችን ካለው የቆየ ዕቃ ብዙው የተሠራው ለመላጊያ ከሚመቸውና ቡናማ መልክ ካለው ዋንዛ፣ ቀላ ብሎ በሽታው ከሚታወቀው ጥድ፣ እንዲሁም በደንብ ሳይደርቅ ከተሠራበት ከሚጣመመውና ከሚሰነጠቀው ባሕር ዛፍ ነው። ለቀለም አስቸጋሪው ጥድ መሆኑን እሳቸው ነገሩን፤ ጉጡ ውስጥ ያለው ሙጫ በነጭ ቀለም በኩል ሰርጎ እየወጣ ቢጫ ነጠብጣብ ያደርጋል፤ ቀለም ቢደራረብበትም መልሶ ብቅ ይላል። መፍትሔው በየጉጡ ላይ አስቀድሞ ጎማላካ እየደጋገሙ መቀባት ነው። አንዲት ተማሪ የጥድ ወንበሯ ላይ ያሉት ጉጦች ብዛት አስጨንቋት «ጋሼ፣ ይህ ሁሉ ጉጥ ይሸፈናል?» ብትላቸው፣ «አብሽሪ የኔ ልጅ፣ ጉጥ ቆጥረሽ አትፍሪ፤ ካልደረቀ እንጨት ነው መፍራት» አሏት።

ወላጆችን በጽሑፍ ያስጠነቀቅንበት አንድ ጉዳይ አለ። በድሮ የዘይት ቀለሞች ውስጥ እርሳስ የተባለው ብረት ይጨመር ስለነበር፣ አሮጌ ቀለምን ደረቁን መፋቅ መርዛማ ብናኝ ያስነሣል፤ ጉዳቱም በሕፃናት አእምሮ ላይ ይብሳል። በአገራችን በቀለም ውስጥ የሚኖረው እርሳስ ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ 90 እጅ) እንዳይበልጥ የሚያስገድደው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ የወጣው በ2011 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተቀባ ዕቃ ሁሉ በጥርጣሬ መታየት ይገባዋል። ስለዚህ አባላቱ አሮጌ ቀለም ያለበትን ዕቃ በውሃ በሚሠራው ጥቁር ብርጭቆ ወረቀት፣ እያረጠቡ፣ ከቤት ውጭ፣ አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው እንዲፈትጉ፤ ታናናሾቻቸውን እንዲያርቁ፤ እጣቢውንም ከጓሮ አትክልት ላይ እንዳይደፉት ተነግሯቸዋል። ቀለሙ በየቦታው የሚፈረፈር ሆኖ ከተገኘ ዕቃውን ጨርሶ እንዲተዉት ነግረናቸው፣ የተዉም አሉ።

የሥራው ሂደት ራሱ ብዙ የሚያስጽፍ አይደለም። ዕቃው በዱቄት ሳሙና ታጥቦ ይደርቃል፤ የላላው በኮላ ይጠብቃል፤ ቀዳዳው በስቱኮ ይደፈናል፤ ከዚያም በመጀመሪያ በ120፣ ቀጥሎ በ220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት የእንጨቱን መስመር ተከትሎ ይፈተጋል። አስቸጋሪው ተማሪዎቹን ፕራይመር የተባለውን የመጀመሪያ ልባስ ገዝተው እንዲቀቡ ማሳመን ነበር፤ የማይታይ ነገር ላይ ገንዘብ ማውጣት ለብዙዎቹ ኪሳራ መሰላቸው። በዚህ ረገድ የታሪክ መምህራችን ረዱን። በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን የነበረውን ሠዓሊ ፍሬ ጽዮንን ጠቅሰው፣ የአገራችን ሠዓልያን በእንጨት ገበታ ላይ ሥዕለ ማርያም ሲሥሉ ቀለሙን በባዶ እንጨት ላይ እንደማያሳርፉ፣ አስቀድመው ገበታውን በሙጫ በተለወሰ ነጭ ልባስ እንደሚሸፍኑት አስረዱ። ከዚያ በኋላ በፕራይመር ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አልሰማሁም። መምህሩ በላስታ በዋሻ ውስጥ ስለሚገኘው ስለ ይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የተሣለ የእንጨት ጣሪያ ባነሡ ጊዜ አንድ ተማሪ «ዋሻው ባይኖርስ?» ብሎ መጠየቁ፣ ስለ አግዳሚ ወንበሮቻችን ደጋግመን እንድናስብ አድርጎናል። ፀሐይና ዝናብ የማያገኘው እንጨትና ደጅ የሚያድር እንጨት እኩል ዕድሜ የላቸውም። በደጅ ያለ ወንበር ውሃውን በይበልጥ የሚመጥጠው በእግሩ ጫፍ፣ እንጨቱ በተቆረጠበት በኩል ስለሆነ፣ ወንበሮቹን ገልብጠን ከሁሉ አስቀድመን እግራቸውን ቀባን፤ ከሥራቸውም ጠፍጣፋ ድንጋይ አደረግን።

ከሁሉ በላይ ትዕግሥታችንን የፈተነው ግን የደሴ ብርድ ነው። በውሃ የሚበጠበጥ ቀለም ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች በሆነ ቅዝቃዜ በአግባቡ አይያያዝም፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ እዚህ ከጦሳ ተራራ ሥር ከዚያ በታች ይወርዳል። ሲንቴቲክ ቀለምም ቢሆን የሚጠነክረው ከአየር ኦክሲጅን እየወሰደ ስለሆነ፣ ብርድ ሲበረታ ይህ ሂደት ይዘገያል። ከትምህርት ቤት መልስ አመሻሽ ላይ የቀቡ ተማሪዎች ጠዋት ሲነሡ ቀለሙ ጤዛ ጠጥቶ ደብዝዞ አገኙት። አንድ አባል ግን የገና ሰሞን በርጩማውን ኮምቦልቻ ወደሚኖሩ አጎቱ ዘንድ ወስዶ በማግሥቱ ደርቆ አገኘውና ጓደኞቹን ሲያስቀና ሰነበተ፤ ኮምቦልቻ ከደሴ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ስለምትል ሙቀቷ የተሻለ ነው። ሁሉም ሰው በርጩማውን በሚኒባስ ሊያመላልስ አይችልምና፣ ከጥር ጀምሮ ቀለም የሚቀባው ቅዳሜና እሑድ ረፋድ ላይ ብቻ እንዲሆን፣ ዕቃውም ከ9 ሰዓት በኋላ ወደ ቤት እንዲገባ ተስማማን። የበልግ ዝናብ በጀመረበት ሰሞን ደግሞ ሥራውን አቁመን የመሳቢያ እጀታና ማጠፊያ በመጠገን አሳለፍን።

መድረቅና መጠንከር የተለያዩ መሆናቸውንም በረከቦት ምክንያት ተረዳን። በውሃ የሚበጠበጥ ቀለም በሰዓታት ውስጥ ለእጅ ቢደርቅም በሚገባ እስኪጠነክር ሳምንታት ይፈልጋል። በሦስት ቤቶች የተቀባ ረከቦት ላይ ገና ሳይጠነክር ትኩስ ስኒ ተደርድሮበት ክብ ክብ ምልክት ወጥቶበታል። ቡናው እንዲዘገይ እናቶችን መለመን የማይቻል መሆኑን ስለምናውቅ፣ ረከቦት ከሚቀቡ ዕቃዎች ዝርዝር እንዲወጣ ሐሳብ አቅርቤ ተቀባይነት አግኝቷል።

በዓመቱ ውስጥ የጦፈው ክርክር የተነሣው በአንድ የዋንዛ ሳጥን ላይ ነው። ሳጥኑ የአንድ አባላችን አያት በተዳሩበት ጊዜ ልብሳቸውን ይዘው የመጡበት ሲሆን፣ ልጁ አረንጓዴ ሊቀባው ይፈልጋል፤ አባቱ ደግሞ ዋንዛን በቀለም መሸፈን ነውር ነው ብለው ከለከሉት። እኔ በግሌ ከአባትየው ጋር ነበርሁ፤ ገጹ ደኅና የሆነ ዋንዛ ታጥቦ፣ በስሱ ተፈትጎ ቫርኒሽ ቢታደስለት መስመሩ ራሱ ጌጥ ነው፤ አንድ ጊዜ ቀለም ከገባው ደግሞ ከመስመሩ ውስጥ ቀለሙን ጠርጎ ማውጣት እጅግ አድካሚ ነው። ክበቡ ለሁለት ተከፈለ። በደንባችን መሠረት ሳጥኑ ሲመረመር ግን ክዳኑ ከአካሉ ጋር በሚገጥምበት ጠርዝ፣ ከቡናማው ቫርኒሽ ሥር አሮጌ አረንጓዴ ቀለም ተገኘ። ልጁ ቤት ሄዶ አያቱን ቢጠይቃቸው፣ «እኔ ስዳር አረንጓዴ ነበር፤ ቡናማ ያደረጉት አባትህና ወንድሞቹ ናቸው» ብለው መለሱለት። የባለቤቷ ቃል ከእኛ ክርክር ስለሚበልጥ ሳጥኑ አረንጓዴ ሆነ። የሥሩ ቀለም የቆየ በመሆኑ እስከ እንጨቱ ሳይወረድ ላይ ላዩን በእርጥቡ ብቻ ተፈትጎ ነው የተቀባው።

ሰኔ ላይ በወላጆች ቀን የታደሱት ዕቃዎች በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ለእይታ ቀርበዋል። ኮሜዲኖውም በእርጥቡ ተፈትጎ፣ ፕራይመር ከገባው በኋላ እንደገና ተቀብቶ ከዕቃዎቹ መካከል ነበረ። ወጪው ከትምህርት ቤቱ የውስጥ ገቢና ከአባላት መዋጮ የተሸፈነ ሲሆን፣ ዝርዝሩ በሒሳብ ክፍሉ ይገኛል። አግዳሚ ወንበሮቹ ግማሽ በግማሽ ተጠናቀዋል፤ የቀሩት መቀመጫቸው ስለበሰበሰ እንጨት መለወጥ ያስፈልጋቸዋል። በዕቃ ግምጃ ቤቱ ያለውን የተልባ ዘይት የሚጠቀም ሰው ዘይት የነካውን ጨርቅ ጨምቆና ጠቅልሎ እንዳይጥል፣ ዘርግቶ ከቤት ውጭ እንዲያደርቅ እዚህም ላይ አሳስባለሁ፤ የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ስለሚያወጣ የተጠቀለለ ጨርቅ ያለ ክብሪት ሊቀጣጠል ይችላል።

የመጪው ዓመት ምዝገባ ጥቅምት ላይ ይጀመራል። መመዝገብ የሚፈልግ ተማሪ የወላጁን የፈቃድ ወረቀትና ሊያድሰው ያሰበውን ዕቃ ፎቶ ይዞ ይቅረብ፤ ፎቶው የዕቃውን ጀርባና የመሳቢያውን ውስጥ ጭምር የሚያሳይ መሆን አለበት።