ከስምንት ወር በኋላ የመጣ መልስ

ወንድም ዓለም፣

እንደምን ከርመሃል? «ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ» ብዬ ልጀምር አስቤ አፈርኩ። የናፈቀ ሰው ስምንት ወር ሙሉ ድምፁን አያጠፋም ትለኛለህ፤ እውነትህን ነው። የመጨረሻ መልእክትህን ግን አልረሳሁትም። «ሚዲያና ኮሙኒኬሽን ሁለተኛ ዲግሪ ልጀምር ነው፤ ያ የምርምር ዘዴ የሚሉት ኮርስ ይከብዳል ወይ?» ብለህ ነበር። እኔው ራሴ እዚያው ውስጥ ሰምጬ ስለነበር «ነገ እመልስለታለሁ» ስል ነገ ተጎትቶ እዚህ ደረሰ።

ኮርሱስ አይከብድም። መጠናዊው ምንድን ነው፣ ዓይነታዊው ምንድን ነው፣ ናሙና ስንት ዓይነት ነው፣ ሁሉንም እንደ ዳዊት ደግመህ ፈተናውን ታልፋለህ። ጉዱ የሚመጣው የራስህን ጥናት ይዘህ ስትቀመጥ ነው።

የእኔ የመጀመሪያ ርእስ «ሚዲያ በሕዝብ አስተያየት ላይ ያለው ተጽዕኖ፦ የጋዜጦች የይዘት ትንተና» የሚል ነበር። ሲነበብ ያምራል አይደል? አማካሪዬ አንዴ አየውና «ሕዝቡ የታለ?» አለኝ። ዝም አልኩ። ጋዜጣ ብቻ አንብቤ ሰው ምን እንዳሰበ ልናገር ነበር ለካ! የይዘት ትንተና ጋዜጣው ያለውን ይነግርሃል፤ አንባቢው ልብ ውስጥ የገባው ግን ጋዜጣው ላይ አልታተመም። ማኮምብስና ሾው የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1968ቱ የአሜሪካ ምርጫ ቻፕል ሂል በምትባል ከተማ የሠሩትን ሳነብ ነው የገባኝ። ማንን እንደሚመርጡ ገና ያልቆረጡ 100 ሰዎችን ዋናዎቹ ጉዳዮች የትኞቹ እንደሆኑ ጠየቁ፤ ለብቻው ደግሞ እነዚያ ሰዎች የሚከታተሏቸው መገናኛ ብዙኃን ለየትኛው ጉዳይ ምን ያህል ቦታ እንደሰጡ ቆጠሩ፤ ከዚያ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጡ። አጀንዳ ቀረጻ የምንለው ንድፈ ሐሳብ (መገናኛ ብዙኃን ደጋግመው ያነሱትን ጉዳይ ሰውም ዋና ጉዳይ ያደርገዋል የሚለው) በዚህ ጥናት፣ በ1972 ታትሞ ወጣ። ያም ሆኖ ሁለት ዝርዝር ስለተመሳሰለ ማን ማንን እንደመራ አይታወቅም። በ1972ቱ ምርጫ ሻርሎት በምትባል ሌላ ከተማ ያንኑ መራጭ በተለያየ ጊዜ እየተመላለሱ መጠየቃቸው ለዚሁ ነበር። እኔ ይህ ሁሉ አቅም የለኝም፤ «ተጽዕኖ» የምትለዋን ቃል ሰርዤ «አዘጋገብ» አልኳት። ርእሱ ጠበበ፣ እንቅልፌም ተመለሰ። ለሁለት ሳምንት።

ከዚያ ኮድ ማድረግ፣ ማለትም እያንዳንዱን ዜና አንብቦ በምድብ ምልክት መስጠት መጣ። አንዲት የክፍል ጓደኛዬን ለምኜ 50 ዜና ለየብቻችን ይዘን ተቀመጥን። የዜናው ቃና አዎንታዊ፣ አሉታዊ ወይስ ገለልተኛ? ይኸው ነው ሥራው። ስናመሳክር 41ዱ ላይ ተስማምተናል። 82 በመቶ! ልጽፈው ስል አማካሪዬ «አልፋውን አስላ» አለኝ። የክሪፐንዶርፍ አልፋ ማለቱ ነው፤ ሁለት ሰው እንዲያው በአጋጣሚ የሚገጥመውን ቀንሶ የተረፈውን ስምምነት ይለካል። ሁለታችን ከሰጠናቸው 100 ምልክቶች 80ዎቹ «ገለልተኛ» ነበሩ፤ የቀሩት አሥር አሥር። እንግዲህ ዓይናችንን ጨፍነን «ገለልተኛ፣ ገለልተኛ» ብንል እንኳ አብዛኛው ይገጥማል። ሲሰላ 0.48 ወጣ። የሚፈለገው 0.80 ነው፤ ከ0.667 ከወረደ ለጊዜያዊ መደምደሚያም አይሆንም።

ያልተስማማንባቸውን ዘጠኙን ዘረጋናቸው። አንዱ «የውሃ እጥረቱ በሦስት ወር ውስጥ እንደሚቀረፍ ተገለጸ» ይላል። እሷ «አሉታዊ»፣ እኔ «አዎንታዊ»። እሷ እጥረቱን አየች፣ እኔ መቀረፉን። ተከራከርን፣ ድምፃችንም ከፍ አለ፣ በመጨረሻ ምልክት የምንሰጥበትን መመሪያ አውጥተን አነበብነው፦ «ዜናው ጥሩ ስሜት የሚሰጥ ከሆነ አዎንታዊ።» የጻፍኩት እኔ ነኝ። ለማን ነው ጥሩ ስሜት የሚሰጠው? አሁን እንዲህ ይላል፦ «ቃናው የሚወሰነው ርእሱና የመጀመሪያው አንቀጽ ስለ ተቋሙ ሥራ በሚሉት ነው፤ የችግሩ መኖር ብቻውን አይቆጠርም፤ ገና ያልተፈጸመ ተስፋ ገለልተኛ ነው።» አንድ መስመር ነበር፣ ሦስት ሆነ። እሱን ለማረም አንድ ሙሉ ቀን ፈጀብኝ።

(ቃለ መጠይቅ ይቀላል የሚሉህን አትስማ። የአንድ ሰዓት ቅጂ ወደ ጽሑፍ ስትገለብጥ ቀኑ ይመሽብሃል።)

በነገራችን ላይ፣ «መጠይቁን ቴሌግራም ላይ እለቀዋለሁ፣ ሺህ ሰው ይሞላልኛል» ያልከውን እባክህ ተወው። እ.ኤ.አ. በ1936 ሊተራሪ ዳይጀስት የሚባል የአሜሪካ መጽሔት 10 ሚሊዮን ያህል የአስተያየት ካርድ በትኖ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰበሰበና የፕሬዚዳንቱን ምርጫ ላንደን ያሸንፋል አለ። ተፎካካሪው ሩዝቬልት ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን ወሰደ። አድራሻው በብዛት የተለቀመው ከስልክ ማውጫና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ነበር፤ በዚያ የችግር ዘመን ስልክና መኪና የነበረው ማን እንደሆነ አንተው ገምት። ለዚያውም የሚመልሰው መመለስ የፈለገው ብቻ ነው።

አሁን ወደ ልመናዬ። በታረመው መመሪያ፣ በሌላ 50 ዜና፣ አልፋው 0.76 ደርሷል። ግን አላመንኩትም፤ ከጓደኛዬ ጋር ያን ያህል ተከራክረን ምናልባት ያስማማን መመሪያው ሳይሆን ክርክሩ ይሆናል። ክርክሩን ያልሰማ ሰው ያስፈልገኛል። ሃያ ዜናና ሁለት ገጽ መመሪያ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ። ብቻህን ሥራው። ግራ ቢገባህ እንዳትደውልልኝ፤ ግራ የገባህበትን ቦታ አስምርበትና እንዳለ መልስልኝ። ስትጨርስ ግን ደውል፣ የስምንት ወሩን ወሬ ያኔ እናወራርዳለን።

ያንተው