ይድረስ ለሰናይት

ውድ ጓደኛዬ ሰናይት፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽና ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማዬን ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ደህና ናት፤ ስምሽን ሳታነሳ አትውልም።

ከተጠፋፋን በጣም ቆየን። ፌስቡክ ላይ የምትጽፊውን አያለሁ፣ አንቺም የኔን እንደምታዪ አውቃለሁ። እሱ ግን መገናኘት አይባልም። ዛሬ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

የኑሮውን ነገር አላበዛብሽም። ሐምሌ 2016 ላይ የዶላር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ደሞዝ ወር አያደርስም። ሥራዬን ግን ወድጄዋለሁ። ለጤና ጣቢያዎች የካርድ መመዝገቢያ ሲስተም የሚሠራ ድርጅት ውስጥ ነኝ፤ የኔ ድርሻ አማርኛው ነው።

ምን እንደምሠራ ባይገባሽ አልፈርድብሽም፤ ያየሁትን ልንገርሽ። በቅርቡ አንድ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ተቀምጬ አንዲት እናት ልጇን ልታስከትብ መጣች። መዝጋቢዋ የአባቱን ስም «ኃይለማርያም» ብላ ፈለገች። የለም አላት። አዲስ ካርድ ልታወጣለት ስትል እኔ «ሀይለማርያም» ብዬ ሞከርኩ። የልጁ ካርድ እዚያው ቁጭ ብሏል፣ ከነተከተበው ክትባት። ለኮምፒውተር እኮ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ስድስት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ካርዱ ሁለት ቦታ ቢከፈል ኖሮ ቀጣይዋ ነርስ የወሰደውን ክትባት እንዳልወሰደ ትቆጥረው ነበር።

አሁን ሲስተሙ ሲፈልግ ሞክሼ ፊደላትን እንደ አንድ እንዲያይ አደረግነው። ካርዱ ላይ ያለው ግን ወላጅ እንዳጻፈው ይቆያል። አለቃዬ «ሁሉንም ወደ አንዱ እንቀይራቸውና እንገላገል» ብሎ ነበር። አይሆንም አልኩት። የሰው ስም ነው፤ እኛ ስለቀለለን አንቀይረውም።

ድሮ ቪዥዋል ግዕዝ በሚባለው የአማርኛ መተየቢያ ፕሮግራም የተጻፈ ጽሑፍ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ምን ይሆን እንደነበር ታስታውሻለሽ? አንድም ፊደል ሳይቀር የማይነበብ ምልክት። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በጋራ በሚጠቀሙበት የዓለም ፊደላት ዝርዝር ውስጥ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ግዕዝ አብረው ገቡ። ዛሬ በስልክ ፊደል የምንላላከው በዚያ ድካም ነው። ለአንዱ ቋንቋ የተሠራው ለሌላውም ሆነ።

ፌስቡክ ላይ ስለ ቋንቋ የሚባሉትን ሳይ የሚከፋኝም ለዚህ ነው። አንዱ ሲያገኝ ሌላው የሚያጣ የሚመስለው ሰው በዛ። ጉግል ትርጉም አማርኛን የጨመረው በ2016 እ.ኤ.አ. ነው፤ አፋን ኦሮሞና ትግርኛ የተጨመሩት በ2022። በነዚያ ስድስት ዓመታት ውስጥ የመድኃኒት መመሪያ በቋንቋዋ ማንበብ የፈለገች የኦሮሞ ወይም የትግራይ እናት ምን በደለች? እሷ ስታገኝ ከኔ ምን ይጎድላል? ደግሞ አማርኛ ተነካ ብሎ የሚሳደበው ሰው ብዙ ጊዜ ስድቡን የሚጽፈው በላቲን ፊደል ነው። ለቋንቋው የሚቆረቆር መጀመሪያ በፊደሉ ይጻፍ።

ፖለቲካ አይወራ ማለቴ አይደለም። ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት፣ ሰኔ 2012 ላይ፣ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ወደ ሦስት ሳምንት ሲጠፋ እኛ እዚህ የዘመድ ደህንነት ማወቅ ቸግሮን ነበር። ሰው አፉ ሲታፈን ምን እንደሚሆን አይቻለሁ። ሲመለስ ግን ስልኬን ከፍቼ ያገኘሁት ቁጣ ነበር፤ አብዛኛው ከሩቅ የተጻፈ። ያ ቁጣ የሚወርደው እዚህ ጎን ለጎን በሚኖረው ሰው ላይ ነው። ሩቅ ያለ ሰው ከመጻፉ በፊት ቃሉን ሁለቴ ይመዝን እላለሁ። አንቺ ትመዝኛለሽ፤ ለዚህም ነው በግልጽ የማዋራሽ።

ሌላም ነገር ያሳስበኛል። አሁን አማርኛ የሚጽፉ ማሽኖች መጥተዋል፤ ቋንቋውን የሚለምዱት በአብዛኛው ኢንተርኔት ላይ ከተጻፈው ነው። እኛ ምን አስቀምጠንላቸዋል? ዜና አለ፣ መንፈሳዊ ጽሑፍ አለ፣ ጭቅጭቅ ሞልቷል። ስለ ስኳር በሽታ፣ ስለ ቤት ኪራይ ውል፣ ስለ ቧንቧ ጥገና በደህና አማርኛ የተጻፈ ነገር ግን ፈልጊ እስቲ። በመከራ ነው የሚገኘው። የሚያውቅ ሰው ጠፍቶ አይደለም። የሚያውቀው አይጽፍም፣ በቃ።

አንቺ ታውቂያለሽ። በስልክ ስናወራ ለአንድ የስኳር ታካሚሽ አዛውንት ስለ ኢንሱሊን እንዴት እንዳስረዳሻቸው ነግረሽኝ ነበር። «እንጀራ ተዉ አላልኩም አባባ፣ ግማሽ ያድርጉት። መርፌውንም አንድ ቦታ ላይ አይደጋግሙ፣ ያደድርብዎታል።» ከሐኪም ቤት በራሪ ወረቀቶች ውስጥ እንዲህ ሰው የሚሰማው አማርኛ አላገኘሁም። የዋሽንግተን ዲሲ መሥሪያ ቤቶች እንኳን በ2004 እ.ኤ.አ. በወጣው የቋንቋ ሕግ መሠረት ዋና ዋና ሰነዶቻቸውን ወደ አማርኛ ያስተረጉማሉ። ያንን ሕግ ያወጡት አማርኛ የሚናገር ጎረቤት ስላላቸው ነው። እኛ ደግሞ የገዛ እናቶቻችን አሉን።

ስለዚህ ልመናዬ ይኸው። ለታካሚዎችሽ የምትነግሪያቸውን እንዳለ ጻፊልኝ፤ ስለ ኢንሱሊን፣ ስለ እግር እንክብካቤ፣ ጾም ሲመጣ ስለሚደረገው ጥንቃቄ። እዚህ የውስጥ ደዌ ሐኪም የሆነች የሥራ ባልደረባ አለችኝ፤ እሷ ታየዋለች። ከዚያ ጤና ጣቢያዎቹ አትመው እንዲያድሉት እጠይቃለሁ፣ ስምሽን ከፈለግሽ እናሰፍረዋለን። መጻፉ ጊዜ ከወሰደብሽ በድምፅ ቅጂና በቴሌግራም ላኪልኝ፤ እኔ እተይበዋለሁ። ቁጥሬ አልተቀየረም። ከጾሙ በፊት ቢደርስልኝ ደስ ይለኛል፤ ያን ጊዜ ነው ጥያቄው የሚበዛው።

ልጆቹን ሳሚልኝ።

ያንቺው ማርታ
አዲስ አበባ